ሁለተኛው ጠብታ

ፎርዴ ላይ በጥር ወር ቀን የሚባል የለም፤
ሰማዩም ባሕሩም ያው የእርሳስ ቀለም።
የስፖርት አዳራሹን በር በቁልፌ እከፍታለሁ፤
መብራቱ ተንተባትቦ እስኪበራ እቆማለሁ።
ከዚያ ራንቬይግ ትመጣለች፣ ኮፍያዋ ርሶ፣
አንድ ዓይኗ ገና እንቅልፍ ጎርሶ።

ስድስት ደቂቃ ሩጫ፣ አንዲት ደቂቃ እረፍት፤
አምስት ጊዜ በጠዋት። ይኸው ነው የኛ ስልት።
ሐሜት እንደምትሰማ ሴት ጆሮዋን ታዘነብላለች፤
መርፌዋ ንብ ናት፣ ነክሳ ትመለሳለች።
ላቡን አስቀድሜ በፎጣ እጠርጋለሁ፤
የፊተኛውን ጠብታ በጥጥ አነሣለሁ፤
ምክንያቱም የፊተኛው ጠብታ ይዋሻል፤
ላብ ይቀላቀለዋል፣ ችኩል ነው፣ ያበዛል።
ሁለተኛውን ነው ማሽኗ የምታነበው፣
ዐሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥራ የምትናገረው።
ሁለት ነጥብ ስድስት። በእርሳስ እጽፋለሁ።
ሦስት ካለፈ፣ "ቀንሺ" እላለሁ።

"ፍጥነት ታስተምራለህ" ይሉኛል በሱቁ ደጅ፤
እኔ የማስተምረው መቆጠብን ነው እንጅ፤
በእሳቱ ጠርዝ ቆሞ፣ ሳይገቡበት መሞቅ፣
ደም ሊጮህ ሲል ሰምቶ፣ ሳይጮህ በፊት ማወቅ።

በኔ ጊዜ ልምምድ ማለት ማስመለስ ነበር፤
ያላስመለሰ ሰነፍ ነው፣ ይጨመርለታል አንድ ዙር።
አሰልጣኛችን አስላክ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ከጃንጥላው ሥር ሆኖ፣
"ገና ነው! ገና ነው!" ይላል፣ ሰዓቱን በመዳፉ አፍኖ።
አራት መቶ ሜትር ዐሥር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ዐሥር ጊዜ፤
በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ተንጠፈጠፈ ወዜ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ሁሉንም በልምምድ አሸነፍኩ፤
እሑድ፣ ሰው በሞላበት፣ ባዶ ከረጢት ሆኜ ቀረብኩ።
በሃያ አራት ዓመቴ የተረከዜ ጅማት ተበጠሰ፤
"ማን ረገጠኝ?" ብዬ ዞርኩ፤ ዝናብ ብቻ ነው የፈሰሰ።
ከዚያ ሠላሳ ዓመት ፖስታ አደልኩ፣ በእግሬ፣ በዝግታ፤
ቀስ ማለትን የተማርኩት ያኔ ነው፣ ከሳጥን ሳጥን፣ ጠዋት ማታ።

በየካቲት አንድ ምሽት ኤልድሪድ መጣች፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤
እንደ አዲስ መጥረጊያ ናት፣ ሁሉን መጥረግ ነው ጉጉቷ።
ራንቬይግን ክንዷን ነክታ አለፈች።
ራንቬይግ ሁለት ዙር ቻለች፤ በሦስተኛው ተከተለች።
አየሁ። ትከሻዋ ወጣ፣ አንገቷ ጠጠረ፤
ጫማዋ ከወለሉ ጋር ሌላ ነገር ተነጋገረ።
ስትመጣ ጆሮዋን ነፈገችኝ። "ዛሬ ተወው" አለችኝ፤
መርፌውን ይዤ ቆምኩ። ቆየችና ሰጠችኝ።
አምስት ነጥብ ስምንት።
አልጮህኩም። የእርሳሴን ጫፍ ላስኩ፣ ጻፍኩ፤
"ወደ ቤትሽ ሂጂ" አልኳት፣ ግማሹን መብራት ቀነስኩ።
"አሸንፌያታለሁ እኮ!" አለች። "አዎ፣ ማክሰኞ ነው" አልኳት፤
ሌላ ምን ይባላል? ቦርሳዋን እስከ በር ያዝኩላት።

ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም፣ ከቁጥር በስተቀር፤
"ሁለት ነጥብ አራት።" "እሺ።" የቀረው ዝምታ ነበር።
ኤልድሪድ ትቀድማታለች፣ ግማሽ ዙር፣ አንዳንዴ ሙሉ፤
ራንቬይግ ትለቃታለች። መልቀቅ ነው ከባዱ፣ ከሁሉ።

ግንቦት ላይ የውጪው መም ደረቀ። መርፌዬን ቤት ጥዬ መጣሁ፤
"ሦስት መቶ ሜትር፣ እንደፈለግሽ" አልኳት፤ ሰዓቴንም ኪሴ ሸጎጥሁ።
አየችኝ፣ እንዳታለልኳት ሁሉ። ከዚያ ሄደች።
እንዴት ልንገራችሁ? የክረምቱን ቁጠባ መዘዘች፣
ሳንቲም በሳንቲም፣ ሳትጮህ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣
የቤቱን ደረጃ በጨለማ ሰው እንደሚሮጥ።
ኤልድሪድ አጥሩን ተደግፋ አፏን ከፍታ ቀረች።
ራንቬይግ ትንፋሿ ሳይሰበሰብ ጆሮዋን አዘነበለች፤
"ስንት ነው?" አለች በልማድ። ባዶ እጄን አሳየኋት። ሣቀች።

ማታ ደብተሬን ዘረጋሁ፤ የዕለቱን መስመር ባዶ ተውኩት፤
አስላክን አስታወስኩት፣ ከነጃንጥላው ይቅር አልኩት።
እኛ የፊተኛው ጠብታ ነን፤ ችኩል፣ ላብ የነካው፣
እውነተኛው እንዲከተል ጥጥ ጠርጎ የሚጥለው።
ሚስቴ ጉንቮር ከካፖርቴ ኪስ የደረቀ ጥጥ አወጣች፤
"ደሞ ይሄ የማን ደም ነው?" ብላ ወደ ምድጃው ጣለች።